የንግሥቲቱን ብር የመታች ከተማ፤ ክሬምኒትሳ

በአውሮጳ መካከል ስሎቫክያ በሚባለው አገር፥ ደን በለበሱ ተራሮች ሥር፥ ክሬምኒትሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሕዝቧ ቍጥር አምስት ሺህ ያኽል ነው። ይህች ከተማ ለቤታችን ሣጥን ባዳ አይደለችም ብል አንባቢ እንዳይደነቅ ነገሩን በየተራው እነግረዋለሁ።

በ1328 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የሃንጋሪ ንጉሥ ካሮል ሮበርት ለክሬምኒትሳ የከተማነት መብትና የገንዘብ መምቻ ቤት ሰጣት። ገንዘብ መምታት የሚያውቁትን ሰዎች በቦሄምያ ካለችው ከኩትና ሆራ አስመጣ፤ ጀርመኖችም መጥተው ተራራውን ይቈፍሩ ጀመር። የከተማይቱ የወርቅ ገንዘብ በጥራቱ የታመነ ስለ ነበር በብዙ አገር ገበያ ያለ ክርክር ይቀበሉት ነበር። የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ባንስካ ሽቲያቭኒትሳን የብር፥ ባንስካ ቢስትሪትሳን የመዳብ፥ ክሬምኒትሳን የወርቅ ከተማ ይሏቸዋል።

አደባባይዋ ተዳፋት ነው። ከበላዩ ቅጥር ያለው ግንብና የቅድስት ካተሪና ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። በገንዘቡ ሙዚየም ስዘዋወር ከወርቁ ሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዘው በ18ኛው መቶ ዓመት የታወቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳልያ ነው። ባንድ ፊቱ ሰማዕቱ ዘንዶውን ሲወጋ፥ በሌላው ፊቱ ክርስቶስ በማዕበል መካከል በታንኳ ሆኖ ይታያል። ወታደሮችና መርከበኞች ከአደጋ ይጠብቀናል ብለው ይይዙት ነበር። እኛ ክታብ በአንገታችን የምናስር ሰዎች በዚህ ልንስቅ አይገባንም።

ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከ1740 እስከ 1780 ስትገዛ መልኳ ያለበት ብር በዚሁ ቤት ይመታ ነበር፤ የከተማይቱን የሃንጋሪኛ ስም የሚያሳጥሩ ሁለት ፊደላትም ይቀረጹበት ነበር። እርግጥ ወደ አገራችን ከገባው ጠገራ ብር የሚበልጠው ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ፥ የ1780 ምልክት ሳይለወጥ፥ በቪየና የተመታ ነው። ቢሆንም አባቶቻችን የዘውዷን ዕንቍ ቈጥረው የሚቀበሏት የዚያች ንግሥት መልክ ከክሬምኒትሳም ወጥቷል።

የማዕድኑ ቍፋሮ በ1970 ቆመ። ተራራውን በቈፈሩት ዘንድ ይነገር የነበረው ጀርመንኛም ከዚያ በፊት እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመኖቹ የሚበዙት ከአገር እንዲወጡ ተደርገዋልና። መምቻ ቤቱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ስሎቫክያ በ2009 የዩሮን ገንዘብ ከተቀበለች ወዲህ ሳንቲሟ የሚመታው እዚያው ነው። ገንዘቡ ቀርቶ ያወጡት ሰዎች ሲጠፉ ማየት ያሳዝናል፤ እኔስ በሙዚየሙ ደስ ብሎኝ ገብቼ ዝም ብዬ ወጣሁ።

እናቴ ሰባት ጠገራ ብር አውርሳኛለች። አያቴ ደግሞ የርሷን ድርሻ በወጣትነቷ ለአንጥረኛ ሰጥታ ድሪና መስቀል አሠርታበታለች። ድሪውን ያየ ዘመድ ሁሉ የአያቴን ስም ያነሣል፤ ሰባቱን ብር ግን ከሣጥን አውጥቶ ያያቸው የለም። ዘንድሮ የምትዳረው ልጄ፥ «አባባ፥ አስቀልጠን አምባር ይሠራልኝ» ብላ ለመነችኝ፤ እናቷም ከርሷ ጋር ቆመች። ከጕዞዬ በፊት እንቢ ብያት ነበር። በተመለስሁ በሳምንቱ ሰባቱን በመስኮት ብርሃን አገላብጬ አየኋቸው፤ መልኳ ያልተፋቀውን አንዱን መርጬ በመሐረብ ቋጠርሁት፥ ስድስቱን ለአንጥረኛው ላክሁ።