የላምበርት ፍርሃት

ፈሪ ሰው በትረካችን ውስጥ የተሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው። ፉከራና ቀረርቶ ባደገበት አገር ፈሪ ወይ መሣቂያ ይሆናል፣ ወይ መሰደቢያ፤ አለዚያም የጀግናው ቁመት የሚለካበት ዘንግ ሆኖ ይቀራል። ጥቂት የሚራራለት «ፈሪ ለናቱ» የሚለው አባባል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ርኅራኄው ለእናቲቱ ይሁን ለልጁ በግልጽ አይለይም። በውጭው ዓለም ሲኒማም ነገሩ ከዚህ እጅግ አይርቅም። በተለይ አስፈሪ በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ የሚጮህ፣ የሚያለቅስ፣ «እንመለስ» እያለ የሚወተውት አንድ ሰው አይጠፋም። ተመልካቹም ይህን ሰው ገና ሲያየው የሚሞትበትን ደቂቃ ማስላት ይጀምራል።

በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸው የሚጌል ያንሶ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም «ክራምብስ» (2015 እ.ኤ.አ.) ፍርሃትን በሌላ መንገድ ይዞታል። ዝገት የበላት መርከብ በሰማይ ላይ ተንጠልጥላ በምትታይበት በዚያ ዓለም፣ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ካንዲ እየፈራ ይጓዛል፤ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ እርሱ ራሱ ስለሆነ ፍርሃቱ አድማጭ አያጣም። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው ፍርሃቱ ከሌላ ሰው ጀግንነት ጎን ሲቆም፣ ፈሪውም አጃቢ ሲሆን ነው። ለዚህ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበው ከሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ውስጥ ከምትገኘው ከላምበርት የተሻለ ምስክር ማግኘት ይቸግራል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ኖስትሮሞ የምትባል የጠፈር መርከብ ማዕድን ጭና ወደ ምድር ትመለሳለች። በውስጧ ያሉት ሰባት ሰዎች ወታደሮች አይደሉም፤ አገር አሳሾችም አይደሉም፤ የአንድ ኩባንያ ቅጥረኞች ናቸው። ከረጅሙ እንቅልፋቸው ነቅተው ምግብ ሲቀርቡ የሚያነሡት ወሬ ስለ ድርሻቸው ነው፤ በሞተር ክፍል የሚሠሩት ፓርከርና ብሬት ከሌሎቹ ያነሰ ይከፈለናል እያሉ ያማርራሉ። መርከቧን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር «እናት» ይባላል። እናት ከአንድ ሰው ካልረገጠው ዓለም የመጣ ምልክት ሰምታ ሠራተኞቹን ያለ ጊዜያቸው ቀስቅሳቸዋለች። ፓርከር «ይህ የኛ ሥራ አይደለም» ሲል፣ አሽ የተባለው የሳይንስ ሹም የውሉን አንቀጽ ይጠቅስለታል፤ ምልክቱን ሳይመረምር ያለፈ ድርሻውን በሙሉ ያጣል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይቆማል። ወርደው ይመረምራሉ፤ ኬን የተባለው ባልደረባቸው ፊቱ ላይ አንድ ፍጡር ተጣብቆበት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሞት ተራ ነው።

ላምበርት በዚህች መርከብ ላይ አቅጣጫ ቀያሽ ናት። ብዙዎቹ የፊልሙ ሐያስያን ይህን ሥራዋን ዘለው ወደ ልቅሶዋ ይሮጣሉ። ይሁን እንጂ የፍርሃቷ ሥር ያለው እዚህ ይመስላል። ሌሎቹ ነቅተው ቡናቸውን ፉት ሲሉ፣ ካርታውን ገልጣ የከዋክብቱን አቀማመጥ አይታ ምድር አጠገባቸው አለመኖሯን የምታረጋግጠው እርሷ ናት። በኋላም ወደ ቤት ስንት ጊዜ እንደ ቀረ ስትጠየቅ አስልታ አሥር ወር መሆኑን ትናገራለች። ከሰዎች መኖሪያ ምን ያህል እንደ ራቁ በቁጥር የምታውቅ ሰው ብትፈራ ምን ያስደንቃል? ሌላው የማይፈራው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን ስሌቱን ስላልሠራው ሊሆን ይችላል።

ወደዚያ ዓለም ከሚወርዱት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት፤ ግን አወራረዳቸው አንድ አይደለም። ኬን በፈቃዱ ይነሣል። ላምበርት በአለቃዋ በዳላስ ትታዘዛለች። በወደቀችው የባዕድ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብተው ያን ግዙፍ፣ ደረቱ የተበሳ አጽም ካዩ በኋላ «ከዚህ እንውጣ» የምትለው እርሷ ናት። መልስ የሚሰጣት የለም። ኬን ወደ ታች ይወርዳል። የቀረው የፊልሙ ግማሽ ያቺን አንዲት ቃል ባለመስማት የተገዛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁኔታ ለሸሕዲ ሰው እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለሰሊጡ አረም፣ መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ለአጨዳው፣ ከደጋው አገር ብዙ ሺሕ ሳሉግ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ካልታጨደ የፍሬው ማቀፊያ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይቸኩላል፤ ሠራተኛውም ይቸኩላል፤ በቁርጥ የተዋዋለ ሰው ጀምሮ የተወውን ማሳ ሒሳብ በሙሉ ሊጠይቅ አይችልምና። በዚያ በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬትና በግራሩ ሥር፣ ሰው ከድካሙ በሚያርፍበት ጥላ፣ የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ወባውም አለ። ከአንድ ቡድን መካከል «ይህ ቦታ አላማረኝም፣ እንመለስ» የሚል አንድ ወጣት ቢኖር፣ መልሱ ሣቅ መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሚሥቁበት ግን ከእርሱ የበለጠ ስለማያውቁ አይደለም፤ ቆላው ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ከቤቱ ሰምቶ መጥቷል። የመመለሻው ዋጋ ስለሚታወቅ ነው። ፓርከርን ዝም ያሰኘው አንቀጽና የሳሉጉ ቁርጥ ሥራ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እናት ከተነሣ ዘንድ፣ በኖስትሮሞ ላይ «ፈሪ ለናቱ» የሚለው አባባል መራራ ትርጉም ያገኛል። ያቺ የብረት እናት ከኩባንያው የተቀበለችው ምስጢራዊ ትእዛዝ አውሬው በሕይወት እንዲመጣ፣ ሠራተኞቹ ግን ቢጠፉ ግድ እንደሌለ የሚናገር ነው። የሳይንስ ሹሙ አሽም የዚህ ትእዛዝ ጠባቂ ሆኖ የተላከ ሰው መሰል መኪና ሆኖ ይገኛል። ፍርሃት የሌለበት ብቸኛው የመርከቧ አባል እርሱ ነው። ደራሲዎቹ ይህን አስበው አድርገውት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ በራሱ ብዙ ይናገራል።

ላምበርትን ግን ነቢይት ማድረግ አይገባም። ኬን ፍጡሩን ፊቱ ላይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ሪፕሊ የለይቶ ማቆያውን ሕግ ጠቅሳ በሩን አልከፍትም ስትል፣ ላምበርት በውጭ ሆነው ክፈቱልን ከሚሉት ወገን ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. እንደገና ተስተካክሎ በወጣው ቅጂ ውስጥ ስለዚሁ ነገር ሪፕሊን በጥፊ ትመታታለች። ፍርሃቷ ከአደጋው መሸሽን ያውቃል፤ አደጋው ከወዳጅ ሰውነት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ግን አያውቅም። ኬን ነቅቶ፣ ተርቦ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየሣቀ ሲበላ ሁሉም ያመኑት እርሷም ታምናለች። በዚህ ረገድ የመተማ ቆላ ታሪክ ከፊልሙ ይበልጣል። ካላዛር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው ከተነደፈ ከወራት በኋላ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የበሽታው ወረርሽኝ ሲነሣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በዚያ ደጋ ያልተለመደውን በሽታ ከቆላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት እንደ መጡ ተገመተ። በሩን የከፈተላቸው ቤተሰባቸው ነው፤ እንዴትስ አይከፍትላቸው?

የኬን ደረት ተበስቶ አውሬው የሚወጣበትን ትርዒት ያላየ ስለ ላምበርት መፍረድ አይችልም። ሚናዋን የተጫወተችው ቬሮኒካ ካርትራይት ናት። ተዋንያኑ አንድ ነገር ከሰውነቱ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር፤ ደሙ ምን ያህል እንደሚረጭ ግን አልተነገራቸውም። ደሙ ፊቷ ላይ ሲፈስባት በተመልካቹ ፊት የሚታየው ድንጋጤ ከጥናት የመጣ አይደለም። ካርትራይት ገና በልጅነቷ በሂችኮክ «ወፎቹ» (1963 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ከወፍ መንጋ የምትሸሸውን ልጅ የተጫወተች ናት፤ ስለ ፍርሃት ሙያ የሚያስተምራት አልነበረም። ያም ሆኖ ላምበርትን በደስታ አልተቀበለቻትም። የታጨችው ለሪፕሊ መስሏት ነበር፤ የዚህችን ሴት ልቅሶና ድካም አልወደደችውም። ያግባቧት ላምበርት የተመልካቹን ፍርሃት የምትሸከም መሆኗን በመንገር ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በምርጥ አጃቢ ተዋናይት ረድፍ የሳተርን ሽልማት ተሰጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ይነገር። ዳን ኦባነን የጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፍ ሚናዎቹ ሁሉ ለወንድም ለሴትም የሚሆኑ መሆናቸውን ያስታውቅ ነበር። እንግዲህ የላምበርት ፍርሃት ለሴት ተብሎ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ሴት ስትለብሰው «የሴት ልብስ ነው» ያለው ተመልካቹ ነው።

ብሬት ይሞታል። ቀጥሎ ዳላስ አውሬውን ለማሳደድ እሳት የሚተፋ መሣሪያ ይዞ በመርከቧ የአየር መተላለፊያ ውስጥ ይገባል። መከታተያውን የያዘችው ላምበርት ናት። ምልክቱ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ ወዳንተ እየመጣ ነው፣ ውጣ እያለች ትጮኻለች። ጩኸቷ ለጆሮ የማይመች፣ የተቆራረጠ፣ እንባ የነካው ነው፤ ይዘቱ ግን አንድም ስሕተት የለበትም። ዳላስ በጨለማው ውስጥ ዘወር ሲል አውሬው ፊቱ ነው። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ ትዕይንት ብዙ ትምህርት አለው፤ እውነተኛው ቃል የተሰጠው ድምፁ ለማያምር ሰው ነውና። አብዛኛው ጸሐፊ እውነቱን ለረጋ ድምፅ ይሰጣል፤ አዳራሹም የረጋ ድምፅ ሲሰማ እውነት የሰማ ይመስለዋል።

አለቃው ከጠፋ በኋላ ላምበርት ሐሳብ ታቀርባለች። መርከቧን ትተን በትንሿ ማምለጫ እንሂድ፤ የሚያነሣን ካገኘን ዕድላችን ነው ትላለች። ሪፕሊ ማምለጫዋ አራት ሰው እንደማትችል ትመልስላታለች። ላምበርት ታዲያ ዕጣ እንጣል ትላለች። ይህች ሴት ናት ፈሪ የተባለችው! ራሷ ልትቀር በምትችልበት ዕጣ ላይ እጇን ለማስገባት የተዘጋጀች እርሷ ብቻ ናት። ፓርከር ዕጣ አልጥልም፣ አውሬውን እንግደለው ይላል፤ ጀግንነቱም ተመልካቹን ያስደስታል። አሽ ተጋልጦ፣ ከተሰባበረ በኋላ ያ አውሬ በነርሱ አቅም እንደማይገደል ሲነግራቸው፣ የሚወስዱት ውሳኔ ምንድን ነው? መርከቧን አፈንድተው በማምለጫዋ መሄድ ነው። አሁን ሦስት ስለሆኑ ቦታው ይበቃል። የላምበርት ሐሳብ በሪፕሊ አፍ ሲነገር ዕቅድ ይባላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ለላምበርት ጠበቃ የሚከብድ ክፍል ነው። እርሷና ፓርከር ለማምለጫዋ የሚያስፈልገውን ማቀዝቀዣ ሲሰበስቡ አውሬው ይመጣል። ላምበርት ትደርቃለች። ፓርከር ዞር በይ እያለ ይጮኻል፤ መሣሪያውን ቢተኩስ እርሷን ያቃጥላልና አይችልም። በመጨረሻ በባዶ እጁ ይገባበታል፤ ይሞታል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ እግሯ ቢንቀሳቀስ ኖሮ ቢያንስ ፓርከር የመተኮስ ዕድል ነበረው። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ማስተባበልም አያስፈልግም። ነገር ግን ያ ድርቀት ቀድሞ ስትናገር ከነበረው ፍርሃት ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ቃል ነበረው፤ ስሌት ነበረው፤ «እንሂድ» የሚል ግሥ ነበረው። ይኸኛው ግሥ የለውም። ደጋግሞ ተናግሮ ያልተሰማ ፍርሃት የመጨረሻ ማደሪያው ጉልበት ውስጥ ነው።

የመተማ ምድር ይህን ሁለተኛውን ፍርሃት አንድ ጊዜ በሰፊው አይታዋለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የመሐዲስቱን ምሽግ ሰብሮ ድሉ ወደ እርሱ አዘንብሎ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት መቁሰላቸው ተሰማ፤ ጠዋት ምሽግ የሰበረው ያው ሠራዊት ተፈታ። እነዚያን ሰዎች ፈሪ ብሎ የጻፈ ታሪክ ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል። ዳላስ ከጠፋ በኋላ ያለችውን ላምበርትን ፈሪ ለማለት ግን ማንም አያመነታም፤ አንዲት ስለሆነች ይሆናል።

አሟሟቷን ፊልሙ አያሳይም። ካሜራው ትቷት ይሄዳል፤ ድምፅዋ ብቻ በመገናኛው ቱቦ እየመጣ ሪፕሊ በጠባቡ መተላለፊያ ስትሮጥ ይሰማታል። ሪፕሊ ትደርሳለች፤ የሚረዳ ሰው የለም። ከዚያ ብቻዋን ወደ ማምለጫዋ ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ወደ እንቅልፏ ከመግባቷ በፊት ለመዝገቡ የሞቱትን ስም ትቆጥራለች። ኬን፣ ላምበርት፣ ፓርከር፣ ብሬት፣ አሽ፣ አለቃው ዳላስ። ቆጠራው የአሟሟታቸውን ተራ አይከተልም፤ በአሟሟት ከመጨረሻዎቹ አንዷ የሆነችው ላምበርት ሁለተኛ ትጠራለች፤ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ በፈቃዱ ከወረደው ከኬን ቀጥላ።