ኩርባ ላይ ፍሬን አትንካ

ይህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርላማና ስለ ፓርቲዎች ሲያትት የለመዳችሁ አንባብያን ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ስጽፍ ብታገኙኝ ትታዘቡኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያለፉትን ሦስት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ማሳለፌ በከንቱ አልነበረም፤ ከመኪናው ሆድ ሥር የአስተዳደር ትምህርት አግኝቻለሁና።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1962 ሸቭሮሌት ኮርቬር ነው፤ ሞንዛ የተባለው፣ የስፖርት መልክ ያለው ባለ ሁለት በር። በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ገዛሁት። ሞተሩ ከኋላ መሆኑና በአየር መቀዝቀዙ አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት የተማርኩበትን የአባቴን ቮልስ አስታወሰኝ። አባቴ ሲያስተምረኝ ደጋግሞ የሚለው ነገር ቢኖር «ኩርባ ላይ ፍሬን አትንካ» የሚል ነበር። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ምክንያቱን የተረዳሁት አሁን ነው። የሁለቱም መኪኖች የኋላ አክስል የሚታጠፈው በውስጠኛው ጫፉ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ያጋድላል። በፍጥነት ኩርባ ውስጥ የገባ ሰው ድንገት ነዳጅ ቢለቅ ወይም ፍሬን ቢይዝ የመኪናው ጀርባ ይነሣል፤ የውጪው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አስፋልቱን በጠርዙ ብቻ ይነካል፤ ያን ጊዜ ከባዱ ሞተር ጀርባውን ይዞት ይሄዳል።

ፋብሪካው ለዚህ ያበጀው መላ የጎማ ነፋስ ነበር፦ ከፊት 15፣ ከኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ.። የፊቱ ሲላላ ቀድሞ የሚንሸራተተው እርሱ ስለሚሆን ጀርባው ይረጋል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የተሳፋሪዎች ሕይወት በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነፋስ የሚሞላው ሠራተኛ እንደ ልማዱ አራቱንም ጎማ እኩል ቢሞላስ? አደጋው ሲደርስ የሚወቀሰው ሾፌሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ስለ መኪና ደኅንነት ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚህ መኪና ሰጠ። ጄኔራል ሞተርስ የግል መርማሪዎችን ከኋላው አሰማራበት። ነገሩ ሲጋለጥ በማርች 1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፕሬዚዳንት ጆንሰን የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ የመንግሥት ጥናት ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት ኮርቬሮች ከዘመኑ መሰሎቻቸው የባሰ አደጋ የላቸውም ሲል ደመደመ። እንግዲህ ተቺው አጋንኖ ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ ተቺውም ስላጋነነ አልታሰረም። እኔ ለአገራችን የምመኘው ስሕተት የማያውቃቸው ተቺዎችን አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ከሰማይ አይወርዱም። የምመኘው ተቺው ትክክል ሲሆን ባለሥልጣኑ ቀርቦ የሚጠየቅበትን፣ ሲሳሳት ደግሞ በእስር ሳይሆን በጥናት የሚታረምበትን ሥርዓት ነው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። መኪናውን ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ላውሳት አስቤ ስለ ጎማ ነፋስና ስለ ኩርባ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩላት። ወረቀቱን ያሳየኋቸው የእኛው አገር ሰው የሆኑ አዛውንት መካኒክ ግን ሳቁብኝ። «ዶክተር፣ መጀመሪያ መኪናዋን አስተካክል፤ ምክሩ ኋላ ይደርሳል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከፊት ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘውን ስታቢላይዘር ገጠምን፤ ከኋላ በአክስሉ ሥር አግድም የሚያልፍ ባሌስትራ ጨመርን። ይህ ባሌስትራ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉ ይይዛቸዋል፤ ኩባንያው ራሱ በ1964 ሞዴል ላይ ሁለቱንም ጨምሯል፤ በ1965 ደግሞ የኋላውን አሠራር ከነጭራሹ ለውጦታል። ያረጁትን ሞላዎችና ሾኮች ቀየርን፤ ጎማዎቹንም በራዲያል ተካን። አሁን መኪናዋ ኩርባ ላይ ትረጋለች። መኪናዋ ያው ናት፤ ሾፌሩም ያው ነኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ ሕዝባችንን «ተጠንቀቅ፣ ታገሥ፣ ኩርባ ላይ ነን» ስንለው ኖርን! አክስሉን ለማየት ከመኪናው ሥር የገባ ግን ጥቂት ነው።

ባለፈው እሑድ ልጄ ስትነዳ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የአባቴን ምክር ነገርኳት፤ ምክንያቱን ግን አስቀደምኩ። ጥቂት ዝም ብላ «አባዬ፣ ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ አድርገው አልሠሩትም?» አለችኝ።

እኔ በዕድሜዋ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር።