እንደራሴው መጡ… ረቂቁስ?

ክረምት ሲገባ ወደ አርሲ ደጋ ብቅ የሚሉ እንግዶች አሉ። ዩኒቨርሲቲ የተዘጋላቸው የአገሬው ልጆች አንድ። የማዳበሪያ ጭነት ሁለት (እንደ ዓመቱ ይቀድማል፣ ይዘገያል)። የሕዝብ እንደራሴዎች ሦስት። የእንደራሴዎቹ መምጫ እንኳ በሕግ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ይኖረዋል ይላል። በዕረፍቱ ጊዜ እንደራሴዎቹ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ። «የመራጭ ተመራጭ መድረክ» ይባላል። ስሙ ሲጠራ የሠርግ ጥሪ ይመስላል አይደል?

እኛ የጢቾ ልጆች ነን። ጢቾን ለማታውቁ… ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለች፣ የጠና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ፈረስ እና ብርድ ሞልቷታል። በንጉሡ ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ሆና አርሲን ለሦስት የተካፈለች አውራጃ ነበረች። አሁን ስሟ ከወረዳ ከፍ ብሎ አይጠራም። ቅር አላለንም። (ትንሽ ብሎናል።)

ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በቴሌቪዥን ሊያየን ሲጠብቅ ከረመ። በቴሌቪዥን አልወጣንም። እናም ቤተሰቡ ዲግሪያችን እንዳይባክን ሌላ ሥራ ፈለገልን፦ የመንግሥት ወረቀት አንባቢ ሆንን። የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የባንክ ውል… ሁሉም ወደኛ ይመጣል። ከጎረቤት ኦቦዎች ሳይቀሩ ወረቀታቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው «እስቲ ይቺን እይልኝ» ይላሉ።

አባታችንም አንድ ቀን እራት ላይ ጠየቁን። «አንቺ ልጅ፣ መሬት ባንክ ማስያዝ ተፈቀደ ይላሉ። እውነት ነው?»

ጥያቄው የመጣው ከወንድማችን ነበር። ባጃጅ ሊገዛ ብድር ፈልጓል። ብድር መያዣ ይፈልጋል። መያዣ ደግሞ በኛ ቤት አንድ ነገር ብቻ ናት፦ በሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላ ሥር የተቀመጠችው የመሬት ደብተር።

እውነት ነው፣ ተፈቅዷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 1324) ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። መሬቱ ራሱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ እንዳለ ነው። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው። ይህን ስንነግራቸው አባታችን አንገታቸውን ነቀነቁና «ድሮስ ለምን አይቻልም ነበር?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነን። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር። በእሱ ላይ መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን በዋስትና ማስያዝ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። አንቀጽ 8 ላይ ሄዳችሁ እዩት። አራሹ ግን አልተጠቀሰም። ማለትም ከአዲስ አበባ መጥቶ የጠና ወረዳን መሬት የተከራየ ሰው በዚያው መሬት ሊበደርበት ይችላል፣ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ ፀጉሩ የሸበተው አባታችን ግን አይችልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆየ። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስንት የመራጭ ተመራጭ መድረክ ተካሂዶ ይሆን?

እኛ በአንዳንዶቹ ተገኝተናል፣ እዚህም እዚያም፣ በአርሲ ደጋ። (የትኛው ወረዳ፣ የትኛው እንደራሴ አንልም፤ ነገራችን ከአንድ ሰው ጋር አይደለም።) አዳራሹ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፊት ለፊት የወረዳው ኃላፊዎች፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወጣቶች፣ በሩ ጥግ ደግሞ ሴቶች። እንደራሴው ስለ ሰላምና ስለ ልማት ይናገራሉ። ሕዝቡ ተራ ይዞ ይነሣል። መንገዱ ተበላሽቷል። መብራት ይጠፋል። የማዳበሪያ ዋጋ አልቻልነውም። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም። እንደራሴው በማስታወሻቸው ይጽፉና «ጥያቄያችሁን ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» ብለው ይዘጋሉ። ከዚያ ለስላሳ ይከፈታል።

መንገድና መብራት አይጠየቅ ለማለት አይደለም። ክረምት ላይ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ጭቃ ስትወሰድ ያየ ሰው መንገድ አይጠየቅ አይልም። ግን ልብ በሉ… ለመንገድ የወረዳ አስተዳዳሪ አለን፣ የዞን አለን፣ የክልል ቢሮ አለን። እንደራሴው መንገድ አይሠሩም። በእጃቸው ያለችው አንዲት ነገር ስትረቅቅ ሕግ፣ ስትወርድ ድምፅ ናት። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ያላየናት እሷን ነው። «በዚህ ዓመት እነዚህ ረቂቆች መጥተውልን ነበር፣ ይህኛው እናንተን ይመለከታል፣ እኔ እንዲህ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ» ያለ እንደራሴ እኛ በተገኘንበት አልገጠመንም።

ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ሲመጣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው መድረክ ያዘጋጃል፣ አስተያየት ይሰበስባል፣ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ። ከዚያ ይመለስና ድምፅ ይሰጥበታል። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን የዜና ዐረፍተ ነገር እኛ በትምህርት ቤት ሳለን በቃላችን ይዘነው ነበር፤ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ በተያዙበት ዘመን ሌላ ዐረፍተ ነገር አያስፈልግም ነበርና። ከጸደቀ በኋላ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። የጠና ገበሬ ግን የሚያወራው በኦሮምኛ ነው።

የነጋሪትን ነገር ካነሣን አይቀር… ነጋሪት ከበሮ ነበር። አዋጅ ሲነገር ገበያ መሀል ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ይናገራል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ የጋዜጣ ሆነ። ከበሮውን ያልተማረም ይሰማው ነበር። ጋዜጣውን ግን ማን ገዝቶ ጢቾ ያደርሰዋል?

የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። ጨፌ ኦሮሚያ። ጨፌ ማለት ለምለም ሣር ያለበት ሜዳ ነው፤ በገዳ ሥርዓት ሕዝብ በሜዳ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሕግ የሚመክርበት። ሕጉ እዚያው በቃል ይታወጃል፣ የሰማ ላልሰማ ይነግራል። ገዳ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2009 ዓ.ም. ነው፣ ሁላችንም ኮርተናል። ለስሙ ከኮራን ለግብሩም እንኩራ እንጂ! የመሬት አስተዳደር በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የክልሎች ሥራ ነው፤ ጨፌው በ1999 ዓ.ም. ያወጣው የመሬት አዋጅ ቁጥር 130 የጢቾን ገበሬ ከማንም በላይ ይመለከተው ነበር። ጢቾ ገበያ ላይ ቆሞ ያነበበው ሰው ግን አላየንም።

አንዳንድ ሰው «ገበሬ ስለ ረቂቅ ምን አገባው» ይላል። ይህን የሚል ሰው የአርሲን ታሪክ ትንሽ ዞር ብሎ ይይ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የስዊድን ርዳታ ያለበት ካዱ የተባለው የልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ምርት ጨመረ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ የጭላሎ ባለርስቶች ትራክተር አስገቡና ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ፣ ፓርላማው ውስጥ፣ የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ነበር። ተማሪው በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጥቷል፣ በ1958 የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ተቋቁሟል፣ ስዊድኖቹም ሕጉ እንዲወጣ ይወተውቱ ነበር። ረቂቁ ግን ተኛ። ለምን አይተኛ? በዚያ ዘመን ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመመረጥ ሰውየው በምርጫ ክልሉ ንብረት እንዲኖረው ግድ ነበር። ባለርስቱ ስለ ባለርስት ሕግ ይመክራል ማለት ነው። የተባረረው ጭሰኛ እቃውን በአህያ ጭኖ ሲሄድ ስለሱ የሚመክር ወረቀት አንድ ቦታ እንዳለ አልሰማም። ረቂቁ ሳይጸድቅ ዘመኑ ራሱ አለፈ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን አዋጀ።

ዛሬ እንደራሴው ባለርስት አይደሉም፣ መራጩም ጭሰኛ አይደለም። ረቂቁ አሁንም ከገበሬው ጆሮ መራቁ ግን አልቀረም።

ሚኒሶታ ያለች አብሮ አደጋችን የክልሏ ምክር ቤት እንደራሴ የሚልክላትን ደብዳቤ አንድ ጊዜ በስልክ አነበበችልን። አንድ ገጽ ነው። የትምህርት ቤት በጀት ረቂቅ ኮሚቴ ላይ ደረሰ፤ የቤት ግብር ረቂቅ ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ፤ እኔ ይህን ደገፍኩ፣ ያንን ተቃወምኩ፤ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ቡና አለ፣ ኑና ጠይቁኝ። መጨረሻው ላይ የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች በየትኛው ቀን እንደሚያልፉ ሳይቀር ተጽፏል። «ኡፍ፣ አሰልቺ ነው፣ አላነበውም» አለችን። እኛ ቀናን! ሰው የሚሰለቸው ነገሩ ሲበዛለት ነው።

እንደዚያ ያለ አንድ ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ ቢጻፍ፣ በቀበሌ ቢነበብ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ሲወጣ፣ ለቢራ ፋብሪካ የብቅል ገብስ የሚያመርተው የአርሲ ገበሬ በቀጥታ ሊያውቀው የሚገባ ነበር። አጎታችን ገብስ በውል የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። አንድ ዓመት ገዢው (ማን እንደሆነ ይቅር) የተነጋገሩበትን ዋጋ ትቶ በሌላ ዋጋ ሲረከባቸው «ምን ላድርግ፣ በቃል ነው የተስማማነው» ብለው ዝም አሉ። አዋጁ ስለ ጽሑፍ ውልና ስለ አለመግባባት አፈታት እንደሚናገር የነገርናቸው እኛ ነን፣ ያውም ነገሩ ካለፈ በኋላ።

ወደ ደብተሯ እንመለስ። በዚያች ማታ አባታችንና ወንድማችን ሲከራከሩ አመሹ። ወንድማችን «ሌላው ሁሉ ሲበደር እኛ ብቻ እንቅር?» ይላል። አባታችን «ባጃጁ ቢገለበጥ መሬቷ የማን ናት?» ይላሉ። እኛ አንቀጽ እናነባለን፣ እናብራራለን፣ ማንም አይሰማንም። እናታችን ምድጃው ጋ ቡና እያፈሉ ዝም ብለው ቆዩና «ደብተሯ ላይ ስሜ አለ አይደል?» አሉ።

ሣጥኑ ተከፈተ። አለ። ባልና ሚስት አብረው የያዙት መሬት ማረጋገጫው በሁለቱም ስም እንዲሆን ያ የ1997ቱ አዋጅ ያዝዝ ነበር፣ ስማቸውም ፎቷቸውም ከአባታችን ጎን ተለጥፏል። «ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናታችን። ክርክሩ እዚያው ላይ ቆመ። ወንድማችን ጫማውን ማየት ጀመረ።

በተገኘንባቸው አዳራሾች ሁሉ ይህን ጥያቄ ማንም ሲያነሣው አልሰማንም። የአርሲ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ወንዱ የሚያከብርበት አገር ነው የኛ አገር፤ አዳራሽ ስትገባ ግን የበሩ ጥግ ይሰጣታል።

ብድሩ እስካሁን አልተወሰደም፣ ደብተሯ ወደ ሣጥኗ ተመልሳለች። እናታችን ግን የሚቀጥለው መድረክ መቼ እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄያቸውን በወረቀት እንድንጽፍላቸው አዘውን ነበር። ስንጽፍ አዩና «ተዪው፣ እኔው በአፌ እላቸዋለሁ። አንቺ ፊት ወንበር ብቻ ያዢልኝ» አሉን።