ዛፍ የሚለው የጃፓን ፊደል

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው የጻፉትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ካነበብሁ ጀምሮ የዚያን አገር ፊደል ለማወቅ እመኝ ነበር። ዘንድሮም በካራቆሬ የፍርድ ቤቱ ሥራ ሲያበቃ፥ ማታ ማታ ከመጽሐፍ እያየሁ «ኪ» የሚባለውን፥ ትርጓሜውም ዛፍ የሆነውን ፊደል መጻፍ ጀመርሁ። ይኸውም በጃፓን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ከሚማሯቸው 80 ፊደላት አንዱ ነው።

አጻጻፉ አራት ጭረት ነው፤ አስቀድሞ አግድም ከግራ ወደ ቀኝ፥ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፥ ከዚያም በግራና በቀኝ ዘንበል ያሉ ሁለት ጭረቶች ናቸው። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ቢጻፍ ዱር፥ ሦስት ቢሆን ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሆናል። በዛፍ አጠገብ ሰው ቢጻፍ ግን «ዐረፈ» ማለት ነው፤ ይህንንስ የይፋት ቆላ ሰው ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

እኔ ሃያ ዓመት ብዕር የያዝሁ ጸሐፊ ስሆን፥ ቁመቱን አስቀድሜ እየጻፍሁ ሰባት ጊዜ ተሳሳትሁ። ታናሹ ልጄም አይቶ «አባዬ፤ እርስዎንስ ማን ይቈጣዎታል?» አለኝ። «ሀ»ን ከ«ሐ»ና ከ«ኀ» ባለመለየቱ በዚያው ሳምንት ገርፌው ነበርና ምላሽ አጣሁ።

በማግሥቱ አለንጋውን ከግድግዳው አወረድሁ። አሁን እርሱ ሦስቱን «ሀ»፥ እኔም አንዱን ዛፍ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። አባቶች ሆይ፤ ተማሪ መሆኑን የረሳ አስተማሪ ጨካኝ ነውና እናስብበት።