ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ

ሐረር ጀጎል ወደ ምሥራቅ ባዘቀዘቀ ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች፥ በኤረር በር የገባ ሰው ፈረስ መጋላ ለመድረስ ዳገቱን መውጣት ግድ ይሆንበታል። እንጨትና አትክልት ተሸክመው ማለዳ የሚመጡት የገጠር ሴቶች ይህን ዳገት ስፖርት ብለው አያውቁትም። ከከተማው ልጆች ግን ዛሬ አንዳንዶቹ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ በባጃጅ እየተወሰዱ፥ ማታም በስልክ ላይ አፍጥጠው እያመሹ ያለ ልክ ይወፍራሉ። ነገሩም የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት፥ በ2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካላቸው ልጆች 160 ሚሊዮን የሚያህሉት ከልክ ባለፈ ውፍረት የተያዙ ነበሩ።

የጎረቤቴ ልጅ ከነዚህ አንዱ ነው። ዕድሜው 12 ዓመት ነው። የደሙ ስኳር ከፍ ማለት መጀመሩን ሐኪም በነገራት ጊዜ እናቱ ደንግጣ መጣችና፥ «ጋሼ፥ ወፈረ ማለት አማረበት ማለት አልነበረምን?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ሁላችንም ያደግንበት ምርቃት ነው። ልጁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ኋላ ስለሚቀር ተጨማሪ ዙር እንዲሮጥ ይፈረድበት ነበር፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል፤ ከዚህ የተነሣ ሩጫ የተባለውን ሁሉ ጠልቶ ነበር።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሐረር በገባ ጊዜ፥ ወደ አሚሩ ግቢ ሲቃረብ መሪው ከበቅሎ አስወርዶ እንዲሮጥ ቢጮኽበት፥ እንቢ ብሎ በቅሎውን በዝግታ እየሳበ እንደ ገባ ራሱ ጽፏል። የጢሙንና የጥምጣሙን ክብር አስቦ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ክብር ከዚህ ያነሰ ይመስለናልን?

ስለዚህ ሩጫውን ትተን፥ እኔና እርሱ ከታናሽ እኅቱ ጋር በየማታው ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ በፈጣን እርምጃ መውጣት ጀመርን። ለልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ስለ ሆነ፥ የቀረውን በኳስ ይሞላዋል። ከሦስት ወር በኋላ ሚዛን ላይ ቢወጣ ክብደቱ እምብዛም አልቀነሰም፤ እናቱም አዘነች። ነገር ግን ጡንቻ በሠራ ጊዜ ስኳርን ከደም ወደ ራሱ ይስባል፤ ልብም ይበረታል፤ ይህን ሚዛን አያሳይም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር ይህ ራሱ ትርፍ ነው። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ቆሞ ይተነፍስበት የነበረውን ዳገት አሁን እያወራ ይወጣዋል።

እርግጥ ነው፥ እርምጃ ብቻውን ብዙ አያወፍርም አያከሳምም፤ ዋናው ጉዳይ ማዕዱ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ስላለበት የግማሽ ሰዓት መንገድ ድካም ያስቀራል። እናቱ ለስላሳውን ከቤት አስወጥታ በቡና ገለባ ሆጃ ተክታዋለች፤ ስኳሩን በሆጃው እንዳትመልሰው ብቻ እሠጋለሁ። ደሙ እንደ ገና የሚመረመርበት ቀን ለሰኔ ተቀጥሯል።