እሷ እንዲህ ወፍራም አልነበረችም

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አዲሱ ቴሌቪዥን ቤታቸው የገባ ቀን ምንም አልተናገሩም። ባለ 43 ኢንች ፍላት ነው። ገንዘቡን የላከችው አሜሪካ ያለችው ትልቋ ልጃቸው ስትሆን መርካቶ ወርዶ ገዝቶ ያመጣው ደግሞ የመጨረሻው ልጃቸው ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቡፌ መሐሉ ላይ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ ክፍት ቦታ አለው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ የኖረው ባለ 29 ኢንቹ፣ ከኋላው ሆድ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር። አናቱ ላይ ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተነጥፎበታል። አዲሱ እዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ አይገባም። ዳንቴሉም አዲሱ አናት ላይ አያርፍም። ልጁ አዲሱን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ አሮጌውን ከጎረቤት ልጅ ጋር ለሁለት ተሸክመው ኮሪደር ላይ አወጡት።

የመጀመሪያው ምሽት ኳስ ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። የክንፍ ተጫዋቹ ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ሲሮጥ ታየ። ሽማግሌው ሳይቀሩ "ይሄስ ደግ ነው" አሉ።

ችግሩ የመጣው እሑድ ነው። ልጁ አባቱን ለማስደሰት ብሎ የትልቋን እህቱን የሠርግ ቪዲዮ ከፈተ። በ1993 ዓ.ም. በካሴት የተቀረጸ ነው። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ ነው እዚህ የደረሰው። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ የወላጆቿን ጉልበት የምትስምበት ቦታ ደረሰ። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

አባትየው ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው አዩና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ይቺ እሷ አይደለችም" አሉ። "እሷ እንዲህ ወፍራም አልነበረችም።"

ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ልጆቹ ሐዘኑ ተቀስቅሶባቸው ነው ብለው አዘኑ። ሐዘን መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ሽማግሌው የተናገሩት ስለ ሐዘን አልነበረም። ስለ ሒሳብ ነበር። ሒሳቡም ትክክል ነው፤ ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ በሲሶ ወፍረዋል።

እንዴት? የአሮጌው ቴሌቪዥን ምስል ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3 ነው። የአዲሱ ወርዱ 16 ከሆነ ቁመቱ 9 ነው። አሮጌው ምስል በአዲሱ ስክሪን ላይ በልኩ ሲቀመጥ ግራና ቀኝ ባዶ ጥቁር ቦታ ይተርፋል። የሁለቱ ጥቁር ቦታዎች ድምር የስክሪኑ ሩብ ነው። አብዛኛው ቤት ይህን ጥቁር ቦታ ማየት አይወድም። "ከፍዬ የገዛሁት ስክሪን ለምን ባዶ ይቀራል?" ይላል። ስለዚህ ምስሉ እስከ ዳር ይለጠጣል። ሲለጠጥ ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል። ክብ የነበረው የመሶብ ክዳን እንቁላል ይመስላል። ቀጭኗ እናት ሌላ ሴት ትሆናለች።

እነዚህ ሁለት ልኮች ከየት መጡ? 4 በ3 የተወለደው ከቴሌቪዥን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የመረጠው ልክ ነው። ሲኒማው ያንን ይዞ ቀጠለ፤ ቴሌቪዥን ሲመጣም ከሲኒማ ወረሰው። የእኛም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያገኘው ይህንኑ ነው። በዚያ መሐል ሲኒማ ቤቶች ሸሽተው ነበር። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በነጻ ማየት ሲጀምር፣ ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር ማሳየት ነበረባቸውና እ.ኤ.አ. በ1953 ሲኒማስኮፕ የሚባለውን በጣም ሰፊ ምስል ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ፊልምና ቴሌቪዥን ልካቸው ተለያየ።

16 በ9 የእነዚህ የሁለቱ ሽምግልና ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በጊዜው የነበሩትን የምስል ልኮች ሁሉ ስፋታቸውን እኩል አድርጎ በወረቀት ቆርጦ ደራረባቸው። ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው ትልቁ አራት ማዕዘንና ሁሉም የሚጋሩት ትንሹ አራት ማዕዘን ተመሳሳይ ልክ ሆነው ተገኙ፤ ወደ 16 በ9 የሚጠጋ። እንደ ማንኛውም ሽምግልና ሁለቱም ወገን ትንሽ ይለቃል። ለአሮጌ ፕሮግራም ጎኑ ባዶ ይሆናል፣ ለሰፊ ፊልም ላይና ታቹ ባዶ ይሆናል። ባዶው ቦታ የማሽኑ ብልሽት አይደለም። የስምምነቱ ዋጋ ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ዛሬ ሱቅ ገብቶ አዲስ 4 በ3 ቴሌቪዥን መግዛት አይቻልም። ምርጫው አሮጌውን ይዞ በመቆየትና ሰፊውን በመግዛት መካከል ነው። አሮጌውን የያዘ ሰው ሞኝ አይደለም። የድሮ ካሴትና የድሮ ድራማ እዚያ ላይ ልኩን ይዞ ይታያል። ቁመቱ 576 መስመር ብቻ የሆነ ምስል ትልቅ ፍላት ላይ ሲነፋ ይደበዝዛል፤ በአሮጌው ላይ ግን አያስታውቅም። በተቃራኒው የዛሬ ኳስና የዛሬ ፊልም በአሮጌው ላይ ሲታይ ላይና ታቹ ጠቁሮ ምስሉ ቀጭን መቀነት ይሆናል። የጎሉን ብዛት ለማንበብ ወደ ስክሪኑ መጠጋት ያስፈልጋል። መብራትም ይበላል፣ ቦታም ይይዛል፣ ሲበላሽ ዕቃው አይገኝም።

ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠቅማል፤ ኢንች ያታልላል። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ስለሆነ የተለያየ ልክ ያላቸውን ሁለት ስክሪኖች አያወዳድርም። ባለ 29 ኢንቹ አሮጌ ቴሌቪዥን በትክክል የሚታየው ክፍሉ 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱም ወደ 41 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ባለ 32 ኢንች ፍላት ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። "ሦስት ኢንች ጨመርኩ" ብሎ የገዛ ሰው የድሮ ፕሮግራም በልኩ ሲያይ ምንም አልጨመረም። ስለዚህ ሜትር ይዞ መሄድና ቁመቱን መለካት ነው። ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም፤ ሦስት ሜትር በማትሞላ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የጎረቤትን 65 ኢንች መስቀል አንገት ማሳመም ነው።

የመምህሩ ቤት ስሌት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የ43 ኢንቹ ቁመት 53 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሟቿ ግራና ቀኛቸው ጥቁር ሆኖ፣ ሳይለጠጡ በልካቸው ቢቀመጡ እንኳ በአሮጌው ስክሪን ከሚታዩት በሲሶ ያህል ይተልቃሉ። ማለትም ምስሉን የለጠጠው ሰው ያጣው ነገር አልነበረም። ቀድሞ ከነበረው የሚበልጥ በእጁ ነበር። ባዶ ቦታ ማየት ስላልቻለ ብቻ መልኳን አበላሸ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሪሞት ያልቅ ነበር። ግን የአደባባይም ነው። የድሮ የዜና ማህደር በሰፊው ስክሪን ተለጥጦ የሚተላለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አበበ ቢቂላን አስቡት። በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የዘመኑ የቴሌቪዥን ምስል 4 በ3 ነበር። ያ ምስል ሲለጠጥ ያ ሸንቃጣ ሯጭ ደንዳና ይሆናል፤ እግሩም ያጠረ ይመስላል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ደግሞ ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ የኦሊምፒኩን ፊልም የቀረጸው በሰፊው የሲኒማ ልክ ነበር። ያ ፊልም በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ በሙሉ ወርዱ ሲታይ ከስክሪኑ ቁመት የሚይዘው ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ነው። አንድ ሰው ነው፤ የተቀረጸበት ልክ ግን ሁለት ነው። ለሁለቱም ፍርዱ አንድ ነው፤ ምስሉ በተቀረጸበት ልክ ይታይ፣ የተረፈው ይጥቆር። እነዚያን ሰዎች በአካል ያላየ ወጣት የሚያውቃቸው በዚህ ምስል ብቻ ነው። የለጠጥንለትን አምኖ ይይዛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚቀይር ቁልፍ አለ፤ ወይም በማስተካከያው ውስጥ ይገኛል። የድሮ ነገር ሲታይ 4 በ3፣ የዛሬው ሲታይ 16 በ9። ዲኮደሩም የራሱ ማስተካከያ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ዲኮደሩ አንድ ልክ፣ ቴሌቪዥኑ ሌላ ልክ ከያዘ ሁሉም ሰው ያብጣል ወይም ይከሳል። ዲኮደሩን 16 በ9 ላይ አድርጎ ራሱ ጥቁሩን እንዲጨምር መተው ይሻላል። "ዙም" የሚለው ደግሞ አያወፍርም፤ ይቆርጣል። ጥቁሩን ለመሙላት የምስሉን ቁመት ሩብ ይወስዳል። አንዳንዴ የዜና አንባቢው ግንባር ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ።

የመምህሩ ልጅ ይህን የተረዳው ማግስቱን ነው። ሪሞቱን ሲነካካ ቆይቶ አገኘው። "አባዬ፣ እስቲ ና እይ" ብሎ ጠራቸው። ቪዲዮው ከዚያው ቦታ ተከፈተ። ሙሽራዋ ጎንበስ አለች፤ እናትየው ነጠላቸውን አነሡ። ጉንጫቸው ስርጉድ ያለ ነው፤ አንገታቸው ቀጭን። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ካሴቱ እስኪያልቅ አልተነሡም።

ከቀናት በኋላ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ ያንኑ ሲያዩ ደረሰች።

"ጋሼ፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ተበላሸ እንዴ? ግራና ቀኙ ጠቁሯል እኮ።"

"አልተበላሸም ልጄ" አሉ። "ካሴቱ ያን ያህል ነው።"

ዳንቴሉ አሁን ቡፌው ክፍት ቦታ ውስጥ ተነጥፏል። ላዩ ላይ ፎቶዋ አለ።