ቁመት የማይለካበት ወንበር



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ነገር የጀመረው በጸሎት ቤት ሳይሆን በሰልፍ ላይ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ይዘን ወደ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ ሄደን ነበር። የምንኖረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ስለሆነ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሃያ ያህል ልጆች፣ አምስት ትልልቅ ሰዎች፣ በተጨማሪም የልጅ ልጃቸውን ተከትለው የመጡ አንዲት እናታችን ነበርን። እናቶች ያዘጋጁልንን ሳምቡሳ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጨርሰን ገባን።

ከቀትር በኋላ ዋተርወርልድ የሚባለውን የመድረክ ትርዒት ለማየት ተሰልፈን ሳለ ከልጆቻችን ሁለቱ መከራከር ጀመሩ። አንዱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። «ይሄ ነገር እስካሁን ለምን አልፈረሰም? ፊልሙንስ ከእኛ ማን አይቶታል? እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ሮለር ኮስተር መሥራት ይቻል ነበር» አለ። (የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስነው እኛ ነን፤ የዚህ ነገር ጣጣ ወደ ኋላ ይመጣል።) ሌላዋ ልጅ ደግሞ በሕፃንነቷ ከአባቷ ጋር እንዳየችው፣ ካፈረሱት ዳግመኛ እንደማትመጣ ነገረችው። ከፊታችን የቆመ፣ ኮፍያው በባጅ የተሸፈነ ሰው ዞር ብሎ ገባበት። ከኋላችን አንዲት ሴት ቀጠለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰልፉ የቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ስብሰባ መሰለን። እኛም ዝም ብለን ሰማን፤ ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መስማት የምናውቅበት ነገር ስላልሆነ ለውጥ ነበር።

እንዲህ ያለው ክርክር በእነዚህ ፓርኮች አፍቃሪዎች መካከል የቆየ ነው። ዋተርወርልድ የተባለው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ ገና ሳይታይ በውድነቱ ብዙ የተቀለደበት ፊልም ነበር። ትርዒቱ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ ትርዒቱ ግን ጃፓንና ሲንጋፖር ድረስ ተሻግሯል። ሌሎች እንዲህ አልቀናቸውም። በዚሁ ፓርክ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የሠለጠኑ እንስሳት የሚታዩበት መድረክና የፊልም ልዩ ጥበብ የሚቀርብበት ትርዒት ተዘግተው ቦታቸው ለሮለር ኮስተር ተሰጠ። በወሩ ሱፐር ኒንቴንዶ ወርልድ ተከፈተና ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ። ፍሎሪዳ ባለው ዲዝኒ ወርልድ ከ1991 ጀምሮ ሲታይ የነበረው የማፔቶች ትርዒት በ2025 ሲዘጋ፣ አፍቃሪዎቹ በመጨረሻው ቀን ሊሰናበቱት ተሰልፈው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ እዚያው የቶም ሶየር ደሴትና ዙሪያዋን የከበበው ወንዝ ተዘጉ፤ ቦታው በመኪኖች ፊልም ለሚሠራ አዲስ መጫወቻ ተፈለገ። ገና ወሬው ሲሰማ ግማሹ ሰው አዘነ፣ ግማሹ «በጊዜው ነው» አለ።

ሰልፉ ላይ የሰማነው ክርክር ሞኝነት የለበትም። የመድረክ ትርዒት በየቀኑ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ይፈልጋል፤ ሰው ይታመማል፣ ይደክማል፣ ይጎዳል። ሮለር ኮስተር አንዴ ብዙ ገንዘብ ይበላና ከዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። በማስታወቂያ ላይም አዲሱ ነው ሰው የሚጠራው፤ «ሠላሳ ዓመት ያየኸውን ትርዒት ዛሬም ና እይ» ብሎ ትኬት መሸጥ ይከብዳል። በሌላ በኩል ከኋላችን የነበረችው ሴት የተናገረችው አለ። ትርዒት ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል፣ ጥላ አለው፣ እግር ያሳርፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በር ላይ የቁመት መለኪያ የለውም አለች።

ይህን ስትል እናታችንን ዞር ብለን አየናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ያደረጉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የልጆቹን ቦርሳና ጃኬት ታቅፈው ወንበር ላይ መጠበቅ። በየመጫወቻው በር ላይ አንድ ምልክት አለ፤ ቁመቱ ከዚህ በታች የሆነ፣ ልብ ሕመም ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አትግባ ይላል። እርሳቸው ከዝርዝሩ ሁለቱን ያሟላሉ። ትንሹ የልጅ ልጃቸውም ቁመቱ አልደረሰም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ውጭ ነበሩ። እኛም ቀኑን ሙሉ አላስተዋልናቸውም፤ «እማማ፣ ይህችን ያዙልን» ስንል ብቻ ነበር የምናያቸው።

ትርዒቱ ላይ ግን አብረውን ገቡ። ወንበሮቹ ረጃጅም አግዳሚዎች ናቸው፤ ከፊት ያሉት ውኃ የሚደርስባቸው እንደሆኑ በቀለማቸው ተለይተዋል። ከእኛ መካከል ኮት ለብሶ የመጣ አንድ ዲያቆን ነበር (ለምን ኮት እንደለበሰ እስከ ዛሬ አልነገረንም)፤ ልጆቹ ሆን ብለው እዚያ አስቀመጡት። ትርዒቱ ሳይጀመር ገና አንዱ ተዋናይ ባልዲ ይዞ መጣ፤ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። እናታችን እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጀልባው ሲሮጥ፣ እሳቱ ሲነድ፣ ሰው ከማማ ላይ ወደ ውኃ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም አውሮፕላን በግንቡ ላይ ዘልሎ ሲመጣ፣ የሰባ ዓመት እናትና የአራት ዓመት ልጅ እኩል ጮኹ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃችንም ጮኋል፤ በኋላ ካደ እንጂ።

ከማማው ላይ የወደቀውን ሰው ስናስብ ቆየን። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ወድቋል? ነገም ይወድቃል። ለእርሱ መቼም አዲስ አይደለም። ነገር ግን ለዚያ የአራት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያው ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እንደሆነ አድርጎ መውደቅ አለበት። ያንኑ ወንጌል በየእሑዱ የምንሰብክ ሰዎች ይህን ለመማር ትኬት መግዛት ባላስፈለገን ነበር።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። በቀጣዩ ማክሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበረን፤ ከአጀንዳዎቹ አንዱ «ኳየር ሀ» ነበር። ኳየር ሀ ማለት እናቶችና አባቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ የዘመሩ ናቸው። እሑድ እሑድ ሩብ ሰዓት አላቸው። ሐሳቡ ያ ሩብ ሰዓት ለአዲሱ የወጣቶች የአምልኮ ቡድን እንዲሰጥ፣ ኳየር ሀ በበዓላት ብቻ እንዲያገለግል ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ሐሳቡን ያመጣነው እኛ ራሳችን ነበርን። ምክንያታችንም ከንቱ አልነበረም። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛውን አይከተሉም፤ ኮሌጅ ሲገቡ ይሄዱብናል፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዶቹ ወደ የትም። ልጁ የሄደበት አባት በስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ ምን እንደሚመስል የሰማ ሰው «አሮጌውን አትንኩ» ብሎ በቀላሉ አይናገርም።

አሮጌ ነገር አሮጌ በመሆኑ ብቻ ቅዱስ አይሆንም። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ፣ ሕዝቡ ያጥንለት ስለ ጀመረ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ያ እባብ የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ ነበር። ትዝታ ነበረበት፣ ታሪክ ነበረበት፣ ግን ተሰበረ። ስለዚህ ያቺ ልጅ «ከአባቴ ጋር ስላየሁት ይቆይ» ስትል ስሜቷ ቢገባንም፣ ትዝታ ብቻውን ምክንያት እንዳይሆን እንጠነቀቃለን።

ነገር ግን ባለ ባጁ ሰው ሰልፉ ላይ የተናገረው ስብሰባው ላይ ተከተለን። «ትርዒት ዝም ብሎ አያረጅም» ነበር ያለው። በየትኛውም ፓርክ ቢሆን መጀመሪያ ቀለሙን መቀባት ይተዋሉ፤ ከዚያ ተዋናዮቹን ይቀንሳሉ፤ ከዚያ የሚታይበትን ሰዓት ያሳጥራሉ፤ በመጨረሻ ወንበሩን ቆጥረው «ሰው አይመጣም» ይላሉ። እርሱ ይህን ያለው ስለ መጫወቻ ነው። እኛ ግን ኳየር ሀ ያላቸው አራት ማይክ ሲሆን ሁለቱ ከዓመት በላይ እንደማይሠሩ እናውቅ ነበር። ለወጣቶቹ አዲስ ሚክሰር ስንገዛ ማንም አላነሣውም። አዳራሹ ቅዳሜ ለሌላ ነገር ስለተፈለገ ልምምዳቸውን ወደ ማዕድ ቤቱ ጎን አዛውረናቸዋል። ከዚያም በስብሰባ ተቀምጠን «ድምፃቸው ደክሟል» አልን። ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሁ ተጽፏል፤ የጻፍነውም እኛ ነን።

ኮሌጅ ሳለን መጽሐፈ ዕዝራን ስንማር፣ የቤተ መቅደሱ መሠረት በተጣለ ቀን የሆነውን (ዕዝራ 3፥12-13) የሽማግሌዎች ድክመት አድርገን ነበር ያየነው። የፊተኛውን ቤት ያዩት አረጋውያን በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ። በሃያ አራት ዓመታችን «ለምን ያለቅሳሉ? እግዚአብሔር አዲስ ነገር እየሠራ አይደለም ወይ?» ብለን ጽፈን ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። አሁን በሃምሳዎቹ ሆነን ስናነበው ዓይናችን የሚያርፈው ሌላ ቃል ላይ ነው። የልቅሶው ድምፅ ከእልልታው ድምፅ ሊለይ አልቻለም ይላል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ ነበሩ። የሚያለቅሱትን ወደ ማዕድ ቤቱ ጎን ያዛወረ ሰው አልነበረም።

ዘኬዎስንም አሰብነው። ቁመቱ አጭር ስለነበረና ሕዝቡ ስለከለለው ኢየሱስን ሊያይ አልቻለም፤ ዛፍ ላይ ወጣ (ሉቃስ 19)። ጌታ ከዛፉ ሥር ቆሞ በስሙ ጠራው፤ ወደ ቤቱም ገባ። ይህን የምታነቡ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደርሳችሁ በሆነ መለኪያ «አልደርስም» ብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ መለኪያውን የሰቀልነው እኛ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ እንድታውቁልን እንወዳለን። አንዳንዱ መለኪያ ለልጆች ይሰቀላል፤ አማርኛው ይበልጣቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለእናቶች፤ ጊታሩ ይፈጥንባቸዋል።

ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። በሚቀጥለው ያቺን እናታችንን ጠርተን ሐሳባቸውን ጠየቅናቸው፤ በእኛ ልማድ ከተወሰነ በኋላ ነበር የሚነገራቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ልጆቼ፣ መድረኩን እኛ አልፈለግነውም» አሉ። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ ስንዘምር ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ። አልፈርድባቸውም። ምን እንደምንል ቢያውቁ ግን ምን ይሉ ይሆን? እሱን ጠይቁልኝ።»

ጠየቅን። ሮለር ኮስተር ይሠራ ያለው ልጅ ፊደል ማንበብ አይችልም፤ ቀድሞም አላስተማርነውም። የመዝሙሮቹን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ከሥሩ ትርጉሙን አድርጎ ስክሪን ላይ እንደሚያወጣ ነገረን። ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ማዕድ ቤቱ ጎን ተገኘ። ሁለት መዝሙር ለመጻፍ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ምክንያቱም በየመስመሩ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላል፣ እናቶቹም ቃሉን ትተው መዝሙሩን የት ተደብቀው እንደዘመሩት፣ በር ላይ ማን ይጠብቅ እንደነበር ይነግሩታል። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዷ በሹክሹክታ እንዴት ይዘመር እንደነበር አሳዩት። ላፕቶፑን መጻፉን ትቶ ሰማ።

ማይኮቹ ተሠርተዋል። ሩብ ሰዓቱ ለጊዜው እንዳለ ነው። ከሽማግሌዎቻችን ሦስቱ አሁንም አልተስማሙም፤ ልጆቻቸው የሄዱባቸው ስለሆኑ አንቸኩላቸውም። የወጣቶቹ ቡድንም ጥያቄ አለው፤ ከበሮና ጊታር ከእናቶች ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ገና አላወቁበትም፤ ባለፈው እሑድ ከበሮው አሸንፏል። በጸሎታችሁ አስቡን። በአካባቢው ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልምምድ አለ፤ ወደ አዳራሹ ተመልሷል፤ ኑ።